የጳጉሜ ስድስት ተበዳሪ

አልጋዬ ሥር አንዲት ሳጥን አለች፣
ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍስ፤
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ነፋስ ከገላን በኩል ሲነፍስ
መስኮቱ ይንቋቋል፤ እሷ ግን ሥራ ላይ ነች፣
ሰው የላከውን ኮድ ትቀበላለች፣
ትገነባለች፣ ትፈትናለች።

ግንባታ እንላለን እኛም፤
ከመስኮቴ ማዶ ያለው ግንባታ ሰባት ዓመቱ፣
የተደገፈበት ባሕር ዛፍ ግራጫ ሆኗል፣
አሸዋው ላይ ሣር በቅሏል።
የኔዋ በአራት ደቂቃ ትጨርሳለች፣
አፍርሳ፣ ከመሠረት ጀምራ፣ ደግማ ታቆማለች፣
ሲሚንቶ ጠፋ የሚላት የለም።

መስመርም እንላለን፤
የብሎካችን የውሃ መስመር ማክሰኞና ዓርብ፣
ሌሊት ዘጠኝ ላይ ደረቅ ሳል ይስላል፣
ያኔ ጀሪካኑ ሁሉ ደረጃ ይወርዳል።

ድሮ በእጄ ነበር።
የሃያ ሰው ለውጥ አንድ በአንድ አውርጄ፣
ደብተር ላይ «ያልፋል»፣ «አያልፍም» እያልኩ፣
አንዳንዴም ዓይኔ ሲዝል፣ እውነቱን ልናገር፣
ሳላይ አሳለፍኩ።
አንድ ኅዳር የሦስት መቶ ቆጣቢ ወለድ
ሁለቴ ተቆረጠ። ሴቶቹ ቢሮው በር ላይ
ፀሐይ ላይ ተሰልፈው አየኋቸው።
ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምነውም፤
ሳጥኗን ያስገዛን ልሳነወርቅ ነው።

እሱ ፈተና ሲጽፍ ሰው ይፈጥር ነበር።
«ቁጥር ባለቤት ከሌለው ማንም ይገፋዋል» ይላል።
ስለዚህ ወይዘሮ ትርንጎን ፈጠረ፤
ለዘመን መለወጫ በግ ልትገዛ
ስምንት ሺህ ብር የምትበደር፣
ጳጉሜ ስድስት ቀን፣ ሉቃስ ሊያልቅ ሲል።
መክፈያዋ በዓመቱ፣ በዚያው ዕለት።
በዓመቱ ግን ያ ዕለት የለም።

ትናንት ማታ ሲፈን ለውጥ ላከች፤
ገና ስድስት ወሯ ነው፣ እጇ ፈጣን፣
ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።
ንጹሕ ኮድ ነው። መቶ አሥር መስመር አጥፍታ
በአሥራ አራት ተክታዋለች፤
እኔ ብሆን አሳልፈው ነበር።
ሳጥኗ ገነባች፣ ፈተነች፤
አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣
ሦስት መቶ አርባ ጊዜ አረንጓዴ፣
ከዚያ ቀይ።
«ወይዘሮ ትርንጎ፦ አያልፍም።»

ደወለች። «ማናት ይቺ ሴትዮ?
ጳጉሜ ስድስት ማን ይበደራል?»
«ማንም» አልኳት።
«ታዲያ ትሰረዛ!»

መልስ ሳልሰጥ መብራት ሄደ።
ሳጥኗ ጥቂት አቃስታ ጸጥ አለች፣
ማዶ የግንባታው ዘበኛ ባትሪ ብቻ
ግድግዳ በሌለው ፎቅ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

ልሳነወርቅ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።
አለፈ እንላለን፣ ለፈተናውም ለሰውም፤
አንዱን ስንል እናጨበጭባለን፣
አንዱን ስንል ነጠላ እናዘቀዝቃለን፣
ቃሉ ያው ነው።
እሱ አለፈና የጻፋት ሴት ቀረች፣
ጨለማ ሳጥን ውስጥ፣ በግ ሳትገዛ፣
በየሌሊቱ እየመጣች
«ዕዳዬ መቼ ነው?» የምትል።

አሥር ሰዓት ላይ መብራት መጣ።
ማንም ሳያዛት ሳጥኗ ከመሠረቱ ጀመረች፤
አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ቅድሙ ሁሉ፣
እዚያው ስትደርስ ቀይ።
ለሲፈን ጻፍኩላት፦
«አትሰረዝም። ሴትዮዋ ልክ ናት፣
አንቺ ነሽ ዓመቱን በአሥራ ሁለት የዘጋሽው።»

ጠዋት፣ ደረጃው ላይ የጀሪካን ድምፅ ሲወርድ፣
አዲሱ ለውጥ ገባ፤
አሥራ ስድስት መስመር። ሁለት መስመር ለጳጉሜ።
ትርንጎ አምስተኛው ቀን ላይ ዕዳዋን ከፈለች፣
አለፈች።
በጉን ትግዛ አትግዛ
ልሳነወርቅ አልጻፈውም።